ዐጽቀ ማርያምን ማን ጠራው?

አስከሬኑን ያገኘችው እናቱ ናት።

ኢንስፔክተር ዲንሳ ከላፍቶ በታች ወዳለው የድንጋይ ካባ ሲደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ዘመኑ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ካባው ክረምቱ ከጠና ወዲህ ሥራ ስላቆመ ግማሹን ውኃ ይዞታል። ከገደሉ ሥር የተከመረው ድንጋይ ወደ ጎን ተፈንቅሏል፤ እዚያው ጭቃው ላይ አንዲት በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ተቀምጣለች። አካፋዋ ከጎኗ ወድቋል። ጥፍሮቿ ደምተዋል። አታለቅስም። ዲንሳ በሥራው ብዙ ሬሳና ብዙ እናት አይቷል፤ እንዲህ ዝም ያለች ግን ገጥማው አታውቅም።

«ማን ናት?» አለ ሳጅን ሕዝቅኤልን።

«ወይዘሮ እማዋይሽ ትባላለች። መካኒሳ ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሟቹ ልጇ ሚሳኤል ነው፤ ከሐምሌ ገብርኤል ወዲህ አልታየም፤ ለሥራ ናዝሬት ሄዷል ሲባል ነበር። ዛሬ ጠዋት አካፋ ይዛ ብቻዋን መጣች። ዘበኛው ቆሞ አይቷታል። በዚህ ሁሉ ድንጋይ መሀል ሌላ ቦታ ሳትሞክር ቀጥታ እዚህ ጋ ቆፈረች።»

«ማን ነገራት?»

ሕዝቅኤል ካፑን አወለቀ። «እግዚአብሔር።»

ዲንሳ እንዲህ ዓይነት ወሬ አይጥመውም። አባቱ ወለጋ ውስጥ ሰባኪ ነበሩ፤ ጌታ በየሌሊቱ ያናግራቸዋል፤ ጠዋት የሚገረፈውን ልጅ ስም ሳይቀር ይነግራቸዋል። ዲንሳ ከዚያ ቤት ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር ከሰማይ መጣ የተባለን ወሬ ሁሉ ምንጩን መጠየቅ ነው።

ጎንበስ ብሎ አስከሬኑን አየ። ደረቱ ተደፍጥጧል። ድንጋይ ተንዶበት ነው እንዳይባል ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። የሁለቱ እግሮቹ አውራ ጣቶች አንድ ላይ፣ የእጆቹም እንዲሁ፣ ከነጭ ጨርቅ በተቀደደ ቁራጭ ታስረዋል።

«አስረው ነው እንዴ የገደሉት?»

«የለም ጌታዬ፣ ግንዘት ነው» አለ ሕዝቅኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚደረገው። የቀበረው ሰው እንደ ወግ ገንዞ ነው የቀበረው።»

በዚህ መሀል አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ጭቃው እያዳለጠው ወርዶ አስከሬኑ ላይ ተደፋ። ሁለት ፖሊስ ነው ያስለቀቀው። የእማዋይሽ ታናሽ ወንድም ገሠሠ ነው፤ ድንጋይ የሚጭን የኤንትሬ መኪና ሾፌር። እናት አባታቸው ሲሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም በአንድ ግቢ ይኖራሉ። «እኔን በደፋኝ! ሚሳኤልዬ፣ እኔን በደፋኝ!» እያለ ደረቱን ይመታል። እማዋይሽ ቀና ብላ አየችውና ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች።

*

የጣቢያው አዛዥ ነገር ማንዛዛት አይወዱም።

«ቦታውን የሚያውቅ የቀበረው ሰው ነው» አሉ። «ገድሎ የሚገንዝ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱም እሷ ላይ ይወድቃል። እግዚአብሔርን ለምስክርነት አልጠራልህም፤ መጥሪያውን የት ልላክለት? በዚህ ሳምንት ለዐቃቤ ሕግ ትተላለፍ።»

«እናት እኮ ናት ጌታዬ።»

«ስንት እናት አለ። ሌላ ሰው ካለህ አምጣልኝ። ከሌለህ ገዳይዋ እሷ ናት።»

ዲንሳ ሴትዮዋን ወደ ቢሮው አስመጣት። ወንበሩ ላይ ጫፉን ይዛ ተቀመጠች፤ ነጠላዋ ላይ የካባው ጭቃ ደርቋል።

«ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ድምፁን የት ሆነው ነው የሰሙት?»

«ቤተክርስቲያን። ፍልሰታን ሱባኤ ይዤ ነበር። ጎህ ሲቀድ ቅጥሩን ተደግፌ ሳለሁ።»

«የወንድ ነው የሴት?»

«የእግዚአብሔር።»

«ምን አለዎት?»

«‹ዐጽቀ ማርያም ካባው ውስጥ ነው፤ ከገደሉ ሥር። ድንጋዩ ከብዶታል› አለኝ።»

«ዐጽቀ ማርያም ማን ነው?»

«የልጄ የክርስትና ስሙ ነው። የእግዚአብሔር መሆኑን በምን አወቅሽ ብትለኝ በዚህ ነው። ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ አያውቀውም። ያጠመቁት ቄስ አርፈዋል፤ የክርስትና አባቱም ጦር ሜዳ ቀርቷል።»

«እንደሚከሰሱ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«በነፍስ ግድያ እኮ ነው። ዕድሜዎን እዚያው ይጨርሱታል።»

«እንደ ፈቃዱ» አለችው።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ሕዝቅኤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ጌታዬ፣ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ሰው መድኃኒት እንዳያደርግበት ይፈራል። ለጸሎት ነው፣ ለቁርባን ነው፣ ስንሞት ለፍትሐት ነው። እኔ የራሴን ለእርስዎ አልነግርዎትም። እና እውነቷን ቢሆንስ?»

«እውነቷን ከሆነ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ዲንሳ። «ሬሳው ያለበትን ቦታ የነገራት አምላክ ገዳዩን ለመንገር ምን አነቀው?»

*

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ነገሩን አወሳሰበበት። ልጁ የሞተው በተናደ ድንጋይ አይደለም። ጀርባው ከአንድ ወገን፣ ደረቱ ከሌላ ወገን በሰፊና በጠፍጣፋ ነገር ተጨፍልቋል፤ ወዲያው ነው የሞተው።

«ይህን ሴት ልታደርገው ትችላለች?»

«የሰው ክንድ የሚያደርገው ነገር አይደለም» አለ ሐኪሙ። ስለ ድምፁም ሲጠየቅ አልሳቀም። «በጾምና በሐዘን የሰነበተ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥርት ያለ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። አእምሮ ራሱ የሚያውቀውን መልሶ ለራሱ ይነግረዋል። የማያውቀውን ግን አይነግረውም።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ከዲንሳ ጭንቅላት አልወጣ አለች። እማዋይሽ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከየት?

ገሠሠ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ። በገብርኤል ዕለት ሚሳኤልን እስከ ለገሐር በመኪናው የሸኘው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አላየውም። «ግን ሳይሄድ ተመልሶ ይሆናል ኢንስፔክተር። ሚካል የምትባል ልጅ ይወድ ነበር። ወንድሟ ጸጋአብ ሰው በተሰበሰበበት ‹እገድልሃለሁ› ብሎታል። ሰፈሩን ይጠይቁ።»

ሰፈሩ ተጠየቀ፤ እውነት ነው። ጸጋአብ በመካኒሳ መንገድ ላይ ጎማ የሚጠግን፣ ትከሻው በበሩ የማይገባ ጎረምሳ ነው። ከጎማ ቤቱ ወጥቶ ሊሮጥ ሲል ሕዝቅኤል ጠልፎ ጣለው።

«እገድልሃለሁ ብለኸው ነበር?»

«ብዬዋለሁ። ሰው ተናዶ የማይለው ምን አለ?»

«ለምን ትሮጣለህ ታዲያ?»

«ፖሊስ ሳይ እግሬ አይታዘዘኝም።»

«በገብርኤል ዕለት የት ነበርክ?»

ጸጋአብ አፈር ብሎ ጆሮውን አከከ። «እናንተው ዘንድ።»

«እኛ ዘንድ የት?»

«ብስራተ ገብርኤል ንግሥ ሄጄ ተደባድቤ እዚያው ያለው ጣቢያ አሳደሩኝ። ጠዋት ገብቼ በማግስቱ ነው የወጣሁት። ደግሞ ሚሳኤልን... እህቴ መሞቱን ከሰማች ጀምሮ... ተወው። እኔ ነበርኩ ልታገባው ስትል እንቢ ያልኩት።» ዓይኑ ውኃ ሞላ።

ዲንሳ ስልክ ደወለ። የዚያ ጣቢያ ተረኛ ሳቅ እያለ አረጋገጠለት። አንድ ሰው ልጁ በጠፋበት ዕለት በፖሊስ እጅ ከነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

*

እውነቱን ለመናገር ዲንሳን መንገድ ያስያዘው የሚሳኤል ቀብር ነው።

አዛዡን ለምኖ እማዋይሽ በአጀብ እንድትገኝ አስፈቅዶ ነበር። ያቺ እናት በሁለት ፖሊስ መሀል ቆማ ልጇን ስትቀብር ያየ ሰው፣ ገሚሱ «ገዳይ» ብሎ ከንፈሩን ሲነክስ፣ ገሚሱ «እግዚአብሔር ያናገራት» ብሎ ነጠላዋን ሊነካ ሲጋፋ፣ ሁለቱም ዲንሳን እኩል አስጠሉት። ዲንሳ ከጉድጓዱ ራስጌ ራቅ ብሎ ቆመ። አረጋዊው ቄስ፣ መምሬ ሞልቱ፣ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። እማዋይሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ነገረቻቸው።

መምሬ ሞልቱ ጸሎቱን ጀምረው ስሙ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። እናቲቱን አዩ። ከዚያ ቀጠሉ። ሌላ ሰው ልብ አላለውም።

ሕዝቡ ሲበተን ዲንሳ ተከተላቸው። «አባቴ፣ ስሙ ጋ ሲደርሱ ምን አስቆመዎት?»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተመረኮዙ። «እንግዳ ሆኖብኝ ነው ልጄ። ዐጽቀ ማርያም ብዙ የሚገኝ ስም አይደለም። በቅርቡ ለአንድ ዐጽቀ ማርያም ፍትሐት አድርጌ ነበር፤ ሌላ ሰው መሰለኝ።»

«መቼ?»

«ፍልሰታ ሳይገባ።»

ያኔ ሚሳኤል ለሰፈሩ ሁሉ ናዝሬት ነበር።

«ማን ነው ያስደረገው?»

«ስሙን አልነገረኝም። ሾፌር ነው፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ዘመዴ ሰው አገር ሞቶ ያለ ፍትሐት ተቀበረ አለኝ። አባብዬ አባብዬ ነው ለቅሶውን ያቆመልኝ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላም ‹ደረሰለት? በእርግጥ ደረሰለት?› እያለ ሲጠይቀኝ ነበር።»

ዲንሳ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። ከእማዋይሽ ጋር ሱባኤ ይዘው የነበሩት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ቆመው ያለቅሳሉ። አስከሬኑ በተገኘበት ዕለት ጎህ ሲቀድ እማዋይሽን አይተዋት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ያን ዕለትማ አልነበረችም» አሉት። «ትኩሳት ይዟት ማታውን ቤቷ ሸኘናት። ቤተክርስቲያን ካላደረች ያቺ ሌሊት ብቻ ናት።»

ድምፁ ከቤተክርስቲያን አልመጣም። ዋሽታለች። ሕዝቅኤል ፊቱ ጠቆረ፤ ዲንሳ ግን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ መሆኗን ያመነው። ለራሱ ብሎ የሚዋሽ ሰው ከእስር የሚያወጣውን ነው የሚዋሸው፤ የእሷ ውሸት ግን ማንን ነው የሚያወጣው?

*

የእማዋይሽ ቤት መካኒሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ክፍል፤ በመካከላቸው ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ። የእሷ አልጋ ግድግዳውን ተጠግቷል። በዚያኛው በኩልም የገሠሠ አልጋ እንዲሁ ተጠግቷል። ገሠሠ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበር።

«ሕዝቅኤል፣ ሂድና የሰውየው አልጋ ላይ ጋደም በል። ከዚያ ጸልይ። ለራስህ በምትጸልይበት ድምፅ።»

ሕዝቅኤል ያልገባው እየመሰለ ሄደ። ዲንሳ የእማዋይሽ ትራስ ላይ ራሱን አሳረፈ። ጋዜጣው ጀርባ ጭቃው ተሰንጥቋል። ጥቂት ቆይቶ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» የሚለው ሹክሹክታ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ አንዲት ቃል አልጠፋችበትም። ዲንሳ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም።

ገሠሠን ከድንኳኑ አስጠርቶ ግቢው ውስጥ ወደቆመው ኤንትሬ ወሰደው። የኋላውን ስፖንዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሰው ደረት ትክክል የሚደርስ ብረት ነው።

«የሚሳኤል የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«አላውቅም» አለ ገሠሠ። ፈጠነ።

«ሲጠመቅ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ልጅ ነበርኩ። አሥር ቢሆነኝ ነው።»

«ቆመህ አላየህም?»

«ጧፍ ይዤ...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

«መምሬ ሞልቱን ላምጣቸው? እሳቸው ዘንድ ያለቀሰውን ሾፌር ፊቱን አይረሱትም።» ገሠሠ ወደ ድንኳኑ አየ። «እንግዲያው ሌላ ልንገርህ። እህትህ በዚህ ሳምንት በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች። ቦታውን ያወቀችው በእግዚአብሔር ድምፅ ነው ትላለች፤ ይህን ሰምቶ የሚለቃት ዳኛ የለም። እሷም የምትለውን ታውቃለች። አንድ ሰው እንዳይነካ ብላ ነው አንገቷን የሰጠችው።»

ገሠሠ የመኪናው ጎማ ላይ ተደግፎ ተንሸራተተ።

«በገብርኤል ዕለት ነው» አለ። «እቴቴ በገብርኤል ሥራ አይነካም ብላ አስምላናለች። እኔ ነኝ፤ ካባው በውኃ ሳይዘጋ አንድ ጭነት ላውጣ ብዬ ልጁን ከንግሡ ጠርቼ የወሰድኩት። ዘበኛ የለ፣ ሰው የለ። እሱ ኋላ ቆሞ ‹ና፣ ና› ይለኛል፤ ወደ ኋላ እነዳለሁ። እግሩ አዳለጠው መሰለኝ... ድምፁ ሲቆምብኝ ወረድኩ። ገደሉና ስፖንዳው መሀል ነው።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ፖሊስ አልፈራሁም ኢንስፔክተር፤ በእናቴ ስም አልፈራሁም። ‹በገብርኤል ዕለት ልጄን ወስደህ ገደልክብኝ› ስትለኝ የማየውን ፊቷን ነው የፈራሁት። ሸሚዜን ቀድጄ ገነዝኩት። ድንጋይ አለበስኩት።»

«በእንቅልፍህ እንደምትናገር ታውቃለህ?»

ገሠሠ እጁን ከፊቱ አወረደ። የተጠየቀውን ሲረዳ ያወጣው ጩኸት ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ለቀስተኛ ሁሉ አስወጣው።

*

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዲንሳ የእማዋይሽን ክፍል ራሱ ከፈተ።

«ነፃ ነዎት። ገሠሠ አምኗል። አደጋ ነው፤ ሆን ብሎ አይደለም። ሬሳ በመደበቁ ግን ይጠየቃል።»

ዓይኗን ጨፈነች። ዲንሳ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የሐኪሙን ቃል አስታውሶ በለሰለሰ አነጋገር ሊያስረዳት ሞከረ። «ድምፁን የሰሙት ቤትዎ ነው፤ በግድግዳው። እሱ በእንቅልፉ ሲናገር። እርስዎ በጾም ተዳክመዋል፣ ትኩሳት አለብዎት፣ ልብዎ ልጅዎ ዘንድ ነው። ስለዚህ ከሰማይ የመጣ መሰለዎት።»

«አልመሰለኝም» አለችው።

ዲንሳ ዞሮ አያት።

«የገሠሠን ድምፅ እኔ ላጣው ነው? አፉን ያስፈታሁት እኔ። ‹ዐጽቀ ማርያም ካባው ውስጥ ነው፣ ከገደሉ ሥር፣ ድንጋዩ ከብዶታል› እያለ ሲያቃስት አድሯል። ተነሥቼ ግድግዳውን መደብደብ አማረኝ። አልቻልኩም። እስኪነጋ አፌን በጋቢ አፍኜ ተኛሁ።»

«ታዲያ ለምን እግዚአብሔር ነው አሉን?»

«ማን ነገረሽ ስትሉኝ ምን ልበላችሁ? ልጄ ጭቃ ውስጥ እያለ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ወንድሜን አሳልፌ ልስጥ ደግሞ እንዴት? ያሳደግኩት እኮ ነው፤ እሱም ልጄ ነው። እግዚአብሔር ነው ካልኩ ማንን ታስራላችሁ ብዬ ነው።» ከካባው ጀምሮ አምቃው የነበረው እንባ አሁን ወረደ። «አንድ ተርፎልኝ ነበር። አንተ እሱን ወሰድክብኝ።»

ዲንሳ በሥራው እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም፤ ያጠፋው ጥፋት ግን አልታይ አለው።

«ያም ሆነ ይህ ድምፁ የሰው ነው» አለ።

«አፉማ የሰው ነው።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ገሠሠ ነቅቶ ቢሆን እስኪሞት አይናገራትም። እኔም ያን ሌሊት ትኩሳት ባይጥለኝ እዚያ አላድርም። የተኛውን አፍ ማን ከፈተው?»

«ኅሊናው ነው።»

«ኅሊናውንስ ማን ቀሰቀሰው?»

ዲንሳ አባቱ ቢሆኑ ምን እንደሚመልሱ ያውቃል፤ ሐኪሙም ምን እንደሚል ያውቃል። ሁለቱንም መልስ ለዚች ሴት ሊሰጣት አልደፈረም። እሷም አልጠበቀችውም፤ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ለታሳሪ ምግብ የሚገባው በስንት ሰዓት ነው?»

«ለማን?» አለ ዲንሳ፤ ሳያስበው።

«ለገሠሠ ነዋ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ» አላት።

«እንግዲያው ልፍጠን» አለች እማዋይሽ። «ቤት ገና እሳት አልተያያዘም።»